የእሳት ቀዳዳ

ውርጭ በሚበረታበት ደጋ አንዲት መንደር ነበረች። ቤቶቿ ትከሻ ለትከሻ የተጠጋጉ ነበሩ፤ እያንዳንዱም ቤት በሸምበቆ አጥር ተከቧል። ሸምበቆው ጥቅጥቅ ብሎ የተጎነጎነ ስለሆነ እንኳን ሰው ድመትም አያሾልክም። በአጥሩ ላይ ከሥር እስከ ጫፍ ሐረግ ይሳብበታል። ሐረጉ ነፋስ ይመክታል፣ ጤዛ ያቁራል፣ ንብ ይጠራል። ያለ ሐረግ የቆመ አጥር በዚያች መንደር አይታወቅም።

በጎረቤትና በጎረቤት መካከል፣ በአጥሩ ወገብ ላይ፣ አንድ እጅ የምታሳልፍ ቀዳዳ አለች። የእሳት ቀዳዳ ይሏታል። ምድጃዋ የጠፋባት ሴት ማለዳ ገሏን ይዛ ወደዚያች ቀዳዳ ትሄድና "እሳት ልጫር" ትላለች። ፍም ግን እንዲሁ አይሰጥም። መጀመሪያ ሁለቱ ሴቶች በቀዳዳዋ እጅ ለእጅ ይያያዛሉ። ጎረቤት የጎረቤቷን እጅ በዳበሳ ታውቃለችና መዳፍ ከመዳፍ ሲገጥም ፍሙ ያልፋል። በዚያች ቀዳዳ የሚያልፈው እሳት ብቻ አልነበረም። እርሾ ያልፋል፣ የቡና ጥሪ ያልፋል፣ መርዶ ያልፋል፤ ሌሊት የታመመ ሰው ሲያቃስትም በእሷ በኩል ይሰማል። ተራርቀው ሊቀሩ የሚችሉትን ቤቶች መንደር ያደረገቻቸው እሷ ነበረች።

ከመንደሯ ጫፍ፣ መንገዱ ከወንዙ በሚወጣበት አፋፍ ላይ፣ ጥሩነሽ የምትባል ሸክላ ሠሪ ትኖር ነበር። ምጣዷን ይገዛሉ፣ ድስቷን ይገዛሉ፤ የእሷ ጀበና የማይጣድበት ቤት የለም። ዓይኗን ግን ይፈሩታል። ሸክላ ሠሪ ናትና ቡዳ ናት ይሏታል። ስለዚህ አጥሩን ከአጥሯ ያገጠመ፣ የእሳት ቀዳዳ የከፈተላት ሰው አልነበረም። ክረምት እሳቷ ሲጠፋ ባልጩት ከብረት እያጋጨች፣ እርጥብ ጭራሮ እፍ እያለች ታነጋለች።

በአንድ ጥቅምት ወንበዴዎች መጡ። ሲመጡ ማንም ልብ አላለም፤ እንደ ሰው ሳይሆን እንደ አጥር ነበር የመጡት። ቀድሞ ከዘረፉት ቤት የተጎነጎነ ሸምበቆ ቆርጠው፣ ክብ አድርገው ራሳቸውን ከበውበት፣ ውስጡ ሆነው ይሄዳሉ። ላየው ሰው ከመንደሯ አጥር አንድ ቁራሽ ነፋስ ያንከባለለው ይመስላል። ከመካከላቸው በቆዳ የተለበጠ፣ ግጥም ያለ አገልግል አለ። አገልግሉ ውስጥ እንጀራ የለም፤ አንድ የተጠቀለለ ወረቀት አለ እንጂ። ወንበዴዎቹ ሁሉ የሚደክሙት ያንን ወረቀት ሰው ቤት ለማስገባት ነው።

መጀመሪያ የደረሱት ወይዘሮ አስካለ ደጅ ነበር። ከመካከላቸው ተንጠልጣዩ እጁን ከሸምበቆው ወጣ አድርጎ ሐረጉን ያዘ። አያያዙ ልል ነው፤ ይይዛል፣ ይለቃል፣ ደግሞ ይይዛል። እንዲህ እያለ አጥሩን ተከትሎ ጓዶቹን አንሸራተተና ከእሳት ቀዳዳዋ አጠገብ አደረሳቸው።

ሁለተኛው እጅ ሰጪው ነበር። እሱ እጁን በቀዳዳዋ ሰደደ። ወይዘሮ አስካለ በእንቅልፍ ልቧ የጎረቤቷ እጅ መሰላት። ብትዳብሰው መዳፉ ገጠማት፤ ጣቶቹ የጎረቤቷ ጣቶች ባረፉበት ቦታ ላይ አረፉ። ያዘችው።

እጅ ሰጪው እስከዚያች ሰዓት ድረስ በራሱ ላይ ተጣጥፎ፣ አንድ ክንዱን ደረቱ ላይ አጥፎ ነበር የቆመው። እጁ ሲያዝለት ያ የታጠፈ ክንድ ተፈታና ከኋላው የቆሙትን መንትዮች ነካ። መንትዮቹ ተለያይተው አያውቁም፤ ታናሹ ደግፎ ካልያዘው ታላቁ ቀጥ ብሎ መቆም አይችልም። አጥር አይነኩም፣ ቀዳዳ አይፈልጉም። ሥራቸው አንድ ነው፤ ከፊት የመጣውን ምልክት ወደ ኋላ ማሳለፍ። ጎንባሹን ነቀነቁት።

ጎንባሹ መንገዱን ሁሉ ጉልበቱን ታቅፎ፣ እንደ ተወጠረ ወጥመድ ተሰብስቦ የመጣ ሰው ነው። ሲነቀንቁት አንዴ ተወነጨፈ። በእጁ የያዘውን ሜንጦ ወርውሮ የወይዘሮ አስካለን አጥር ያዘ፤ ከዚያም ወገቡን አጥፎ ሁለቱን አጥሮች፣ የእነሱንና የእሷን፣ እየሳበ አቀራረባቸው። ሸምበቆው ከሸምበቆው ተነካካ። ሁለቱም ከአንድ ዓይነት ሸምበቆ የተሠሩ ነበሩና ጫፍ ከጫፍ ተጠላለፈ፣ ተጎነጎነ፣ አንድ ሆነ። አጥሩ አልፈረሰም፤ የተሰበረ ዘንግ፣ የወደቀ ግድግዳ የለም። ሁለት የነበረው አጥር አንድ ሆነ፣ አገልግሉም ሳይንቀሳቀስ እውስጥ ራሱን አገኘው። ጎንባሹም ከዚያ ወዲያ ወደ ቀድሞ አቀማመጡ አልተመለሰም። የእሱ ሥራ በዕድሜው አንዴ ብቻ ናት።

አገልግሉ በጓሮ በኩል ተወስዶ እልፍኙ ደጃፍ ላይ ተከፈተ፤ ወረቀቱም ከባለቤቱ ሳጥን ገባ። በነጋታው ቤተሰቡ ሳጥኑን ከፍቶ ሲያነብ ትእዛዙ ከአባወራው የመጣ መሰለው። "አገልግል ስፉ፣ ይህን ወረቀት ገልብጡ፣ አዲስ ሰዎች አስነሡ፣ የአጥራችሁን ሸምበቆ እየቆረጣችሁ አልብሷቸው" ይላል። ቤቱ ሌት ተቀን ሠራ። በመጨረሻ ጎተራው ባዶ ሆነ፣ ምሰሶው ተጋደመ፤ በወይዘሮ አስካለ ሸምበቆ የተከበቡ ብዙ ወንበዴዎችም ወጡ።

መንደሯ ዘበኞች ነበሯት። ዘበኞቹ የሚይዙት ጦር በኋላው ጫፍ ላይ ቃጭል የታሰረበት ነው። ጦሩ ሌባ ላይ ሲሰካ ቃጭሉ ይጮኻል፣ ሌሎቹ ዘበኞች ሰምተው ይደርሳሉ። ከወንበዴዎቹ መካከል ግን አንድ ጥንድ ይህን ያውቅ ነበር። ጦሩ ሲሰካ ጥንዶቹ ስለቱን ትተው ቃጭሉን ጭብጥ አድርገው ይይዙታል። ጦሩ ይሰካል፣ ግን አይጣራም። ተንጠልጣዩም በአንድ እጁ ሐረግ ሲይዝ በሌላው የዘበኞቹን ጥሩንባ በጨርቅ ይወትፋል። ከዚህ ሁሉ በላይ መንገዱን ተዉት። ከቤት ወደ ቤት ጎረቤት በሚገናኝበት ጥግ ጥጉን ስለሚሄዱ፣ አደባባይ ላይ የሚዞር ዘበኛ አያገኛቸውም።

ከአገልግሎቹ አንዱም በረጅሙ የቁልቁለት ጎዳና ተጉዞ ከመንደሯ ርቆ ወደሚገኘው የእህል ጉድጓድ ወረደ። እዚያ ማንንም ሳይነካ ተኛ።

ጭቃ ሹሙ አቶ ይርጋ ሽማግሌዎቹን ከኮሶው ዛፍ ሥር ሰበሰቡ። "ሐረጉን እንመንጥረው" ተባለ። መነጠሩት። ነፋሱ ገባ፣ ንቡ ሄደ። ወንበዴዎቹ የሚይዙት ሲያጡ ጊዜ ወሰደባቸው እንጂ አልቀሩም። "እንግዲያውስ የእሳት ቀዳዳዎቹን እንድፈናቸው" አሉ። ጭቃ አብኩተው፣ ጭድ ጨምረው፣ ደፈኑ። አንድ ወር ሙሉ ወንበዴዎቹ ከአጥር ወደ አጥር ሲንከራተቱ ከረሙ። መንደሯ እልል አለች።

ከዚያ አንድ ሌሊት ከባድ ውርጭ ወረደ። ጠዋት እማማ ዘርፌን ከአጥራቸው ሥር አገኟቸው። ገሉን በግራ እጃቸው ይዘዋል፤ ቀኝ እጃቸው በተደፈነችው ቀዳዳ ላይ ነው። ጭቃውን በጥፍራቸው ፍቀውታል። ጎረቤታቸው ሌሊቱን ሙሉ ምድጃዋ ይነድ ነበር።

ከቀብር መልስ ጭቃ ሹሙ አንገታቸውን ደፍተው "አንድ ሰው ሞተ። ቀዳዳው ቢከፈት ግን ስንት ቤት ይወድቃል?" አሉ። መልስ የሰጠ የለም። ያኔ ከሰዉ ርቃ፣ ከድንጋይ ካቡ ወዲያ ቆማ የነበረችው ጥሩነሽ ነጠላዋን አደግድጋ ጠጋ አለች።

"አባቴ፣ ይፈቀድልኝና ልናገር።"

"ተናገሪ።"

"ያለ ቀዳዳ መኖር ምን እንደሆነ ከእኔ በላይ የሚያውቅ እዚህ የለም። ወንበዴ አጥሬን ነክቶ አያውቅም፤ ልክ ነው። ግን እኔ ስታመም ያወቀ የለም፣ ስድንም ያወቀ የለም። እማማ ዘርፌ አንድ ሌሊት የቀመሱትን እኔ ሃያ ዓመት ኖሬበታለሁ። ሁላችሁም እንደ እኔ ለመሆን ካልመከራችሁ በስተቀር ቀዳዳዎቹን ክፈቷቸው።"

"ወንበዴዎቹስ?"

"ሲመጡ በደጄ ነው የሚያልፉት። እጃቸውን ሁሉ አይቻለሁ። ዘበኞቻችሁ የሚወጉት ሸምበቆውን ነው፤ ሸምበቆው ደግሞ የራሳችን ነው። መታወቅ ያለበት ከሸምበቆው ወጣ ያለው እጅ ነው። እኔ ጭቃ አለኝ። ልሥራላችሁና ዘበኞቹ ይዳብሱት።"

ጥሩነሽ መጀመሪያ የእጅ ሰጪውን እጅ ሠራች። ዘበኞቹ ሳምንት ሙሉ ዳበሱት፣ አጠኑት። በላይኛው ሰፈር የሚገቡት ወንበዴዎች ቀነሱ። በታችኛው ሰፈር ግን ምንም አልተለወጠም። ጭቃ ሹሙ ተቆጥተው "ጭቃሽ አልረባንም" ቢሏት፣ "አንዱን ብቻ ነው የሠራሁላችሁ፤ ዘበኛው የአንዱን እጅ ሲወጋ ሌሎቹ የዘበኛውን ቃጭል ይይዙታል" አለች። ተመልሳ ቃጭል የሚይዙትን ጥንዶች፣ ጥሩንባ የሚወትፈውን እጅም ሠራች። ዘበኞቹ እነዚህንም አወቁ። ከዚያ በኋላ የሚወረወረው ጦር መጣራት ጀመረ።

ቀዳዳዎቹ ተከፈቱ፣ ሐረጉም አቆጠቆጠ። በጉድጓድ የተኛውን አገልግል ግን ማንም ሊያወጣው አልቻለም። ፀሐይ ሲከር፣ ረኃብ ወይም ሐዘን ሲገባ፣ አልፎ አልፎ ይነሣና በመጣበት ጎዳና ተመልሶ ከአንዱ ቤት አጥር ጭስ ያስነሣል። ስለዚህ መንደሯ አንድ ሥርዓት ሠራች። ከአጥሯ ጭስ የታየባት ሴት አራስ ወዳለችበት ቤት ቀዳዳ እጇን አትሰድም። ፍሙን በገል አድርጋ ደጅ ላይ ታስቀምጥና፣ ራቅ ብላ ቆማ "እንኳን ማርያም ማረችሽ" ብላ መርቃ ትመለሳለች። ይህም እንደ ክፋት አልተቆጠረም፤ እንደ ፍቅር ተቆጠረ።

በመጨረሻ ጭቃ ሹሙ ጥሩነሽን አስጠርተው "ዋጋሽ ምን ይሁን?" አሏት።

"የእሳት ቀዳዳ ክፈቱልኝ።"

"ልጄ፣ ወንበዴው በዚያ ይገባብሻል እኮ።"

"የወንበዴውን እጅ አውቀዋለሁ፤ ገና ያላወቅኩት የእናንተን እጅ ነው" አለች።

*

ፍቺው እንዲህ ነው። መንደሯ ሰውነታችን ናት፣ ቤቶቹ ሴሎቻችን፣ ወንበዴዎቹ ደግሞ የሄርፒስ ቫይረሶች። ከእኛ የራቁ አይደሉም። ከንፈራችን ዳር ውሃ የቋጠረ ችፍታ ሲወጣ "ምች መታኝ" ብለን ዳማከሴ የምናሽለት ሕመም ብዙውን ጊዜ የሄርፒስ ሲምፕሌክስ ቁጥር 1 ሥራ ነው። አረጋውያንን በጎናቸው ዙሪያ እንደ እሳት የሚለበልባቸው አልማዝ ባለጭራም፣ በልጅነት ጉድፍ ሆኖ የወጣው የዚሁ ቤተሰብ ቫይረስ ከብዙ ዓመት እንቅልፍ በኋላ ሲነሣ የሚመጣ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገምተው ከ50 ዓመት በታች ከሆነው የዓለም ሕዝብ 3.8 ቢሊዮን ያህሉ፣ ማለትም ከመቶው 64 ያህል፣ የሄርፒስ ሲምፕሌክስ ቁጥር 1ን በሰውነቱ ተሸክሟል። አባቶቻችን ምችን ከፀሐይ ጋር ማያያዛቸውም ያለ ነገር አልነበረም፤ የፀሐይ ጨረር የተኛውን ቫይረስ ከሚቀሰቅሱት ነገሮች አንዱ መሆኑ ተረጋግጧል። የሚተኛበት የእህል ጉድጓድ ከፊት ቆዳ የሚነሡት ነርቮች ሴሎቻቸው የተከማቹበት፣ በራስ ቅል ውስጥ ያለ ቋጠሮ ነው።

የቫይረሱ ልባስ ከእኛው ሴል ተቆርጦ የተወሰደ ነው። ከልባሱ ወጣ ወጣ ያሉት እጆች ግላይኮፕሮቲን ይባላሉ፤ ስኳር የተሸከሙ ፕሮቲኖች ናቸው። ሄርፒስ ሲምፕሌክስ ከ10 በላይ ዓይነት ግላይኮፕሮቲን አለው፤ ሴል ለመግባት የግድ የሚያስፈልጉት ግን አራት ናቸው። ተንጠልጣዩ ጂሲ ነው፤ የሚይዘው ሐረግም ሴሎቻችንን እንደ ፀጉር የሚሸፍነው ሄፓራን ሰልፌት የተባለ የስኳር ሰንሰለት ነው። በዚህ ሥራ ጂቢም ያግዘዋል፤ ስለዚህ ጂሲ ባይኖርም ቫይረሱ ይደክማል እንጂ አይቀርም። ከአራቱ የመጀመሪያው፣ እጅ ሰጪው፣ ጂዲ ነው። መንትዮቹ ጂኤችና ጂኤል ናቸው። ጎንባሹ ጂቢ ነው፤ ቅርጹ እ.ኤ.አ. በ2006 በዝርዝር ሲታይ፣ ተወንጭፎ ታጥፎ የቫይረሱንና የሴሉን ልባስ የሚያጋጥመው የወጥመዱ ሽቦ እሱ መሆኑ ግልጽ ሆነ። ከአራቱ አንዱ ቢጎድል አገልግሉ ደጅ ይቀራል።

የእሳት ቀዳዳዋስ? ጂዲ ከሚይዛቸው በሮች አንዱ ኔክቲን 1 የሚባል ፕሮቲን ነው። ኔክቲን የተፈጠረው ለቫይረስ አይደለም። የአንዱ ሴል ኔክቲን የጎረቤቱን ሴል ኔክቲን ይይዛል፤ ቆዳችን ቆዳ የሆነው፣ ነርቭም ከነርቭ የሚገናኘው በእንዲህ ያለ መያያዝ ነው። ጂዲ የሚያርፈውም ኔክቲን ከኔክቲን በሚጨባበጥበት በዚያው ገጽ ላይ ነው። በቬንዙዌላ ማርጋሪታ ደሴት ይህን ፕሮቲን ሳይይዙ የሚወለዱ ሰዎች አሉ። እ.ኤ.አ. በ2000 የታተመ ጥናት የሕመማቸውን ምክንያት አገኘው፤ የኔክቲን 1 ዘር ተበላሽቶባቸዋል። ከወንበዴው በሮች አንዱ ተደፍኖላቸዋል ማለት ነው። ግን ከንፈራቸውና ላንቃቸው ሳይገጥም ይወለዳሉ፣ ፀጉራቸውና ጥርሳቸው ይጓደላል፣ የአንዳንዶቹ ጣት ይጣበቃል። በእናት ማኅፀን ፊት ሲሠራ ከግራና ከቀኝ የሚመጡት ሴሎች መሀል ላይ ተገናኝተው መያያዝ አለባቸውና። እማማ ዘርፌ የሞቱት በዚህ ዓይነቱ ድፍን ቀዳዳ ሥር ነው።

ስለዚህ የቀረን መንገድ የጥሩነሽ መንገድ ነው፤ ለዘበኞቻችን እጁን ማሳወቅ። ክትባት ማለት ይኸው የጭቃ እጅ ነው። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣ፣ በአሜሪካና በካናዳ 8,323 ሴቶች የተሳተፉበት አንድ ሙከራ የቁጥር 1 ዘመድ የሆነውን የቁጥር 2 ሄርፒስን ጂዲ ብቻውን ለዘበኞቹ አሳየ። በቁጥር 1 ምክንያት ከሚመጣው የብልት ሕመም 58 በመቶ ያህል ተከላከለ፤ በራሱ በቁጥር 2 ላይ ግን አልሠራም። የላይኛውና የታችኛው ሰፈር ታሪክ ይህ ነው። ለዚህም ተመራማሪዎች ቃጭል ያዦቹን ልብ ብለው አዩአቸው። ጂኢና ጂአይ ተጣምረው የጦሩን፣ ማለትም የፀረ እንግዳ አካልን፣ ጭራ ይይዛሉ፤ ጂሲ ደግሞ ኮምፕሊመንት የሚባለውን የደም ጥሩንባ ይወትፋል። በፔንሲልቬንያ ዩኒቨርሲቲ የተጀመረው ሥራ ጂሲን፣ ጂዲንና ጂኢን ሦስቱንም በአንድ ክትባት ለማሳየት ያለመ ነው። ለአልማዝ ባለጭራ ግን መንገዱ ቀንቷል። እ.ኤ.አ. በ2017 አሜሪካ ውስጥ የተፈቀደው ሺንግሪክስ የቫይረሱን ጂኢ ብቻ ይዞ፣ የመከላከል ኃይልን ከሚያነቃቃ ቅመም ጋር ተሰናድቶ፣ ዕድሜያቸው 50ና ከዚያ በላይ የሆኑ ሰዎች በበሽታው የመያዝ ዕድላቸውን ከ90 በመቶ በላይ ቀነሰ። የአንዱ ወንበዴ ትክክለኛ እጅ በትክክለኛው መንገድ ሲታወቅ ምን ያህል እንደሚያድን ይህ ምስክር ነው።

በአገራችን ለብዙዎቻችን እነዚህ ክትባቶች ገና ሩቅ ናቸው። የመንደሯ ሥርዓት ግን በእጃችን ነው። አራስ ስንጠይቅ ገንፎ እንቀምሳለን፣ እንመርቃለን፣ ሕፃኑንም አቅፈን እንስማለን። ከንፈሩ ላይ ምች የወጣበት ሰው ያንን ጨቅላ ሲስም፣ ለእሱ የሁለት ሳምንት ችፍታ የሆነው ነገር ለሕፃኑ ሞት ሊሆን ይችላል። ገና ሳምንታት ያስቆጠረ ሕፃን ዘበኞቹ ማንንም አያውቁምና ቫይረሱ እስከ ጉበቱና እስከ አንጎሉ ይዘልቃል። ጨቅላ ሕፃን ትኩሳት ከያዘው፣ ጡት እንቢ ካለ፣ ከደነዘዘ ወይም ገላው ላይ ውሃ የቋጠረ ነገር ከታየ ሳይውል ሳያድር ወደ ሐኪም ይወሰድ፤ ቶሎ ከተደረሰበት መድኃኒት አለው።

ምች የነውር ምልክት አይደለም፤ ከሰው ጋር የኖረ ሰው የሚይዘው ነገር ነው። በወጣብን ሰሞን ግን ገንፎው ቤት ስንደርስ ቅቤውን እናቀብል፣ የሕፃኑን ስም እንጠይቅ፣ ከበሩ ላይ ቆመን "እንኳን ማርያም ማረችሽ" እንበል። ችፍታው ደርቆ ከዳነ በኋላ ተመልሰን እንስመው።